ሳይሞት የተተከለው ድንኳን

ዓርብ፣ የካቲት 14 ቀን 2017

ጥፋቱ የኔው ነው። ንጋት ላይ ታሞ የሰነበተው ባለቤቴ ተሾመ ራሱን ስቶ ሲወድቅብኝ የሞተ መስሎኝ ኡኡታዬን አቀለጥኩት። እኛ ሰፈር ደግሞ ኡኡታ ከተሰማ ማንም ቆሞ አይጠይቅም። ውሃ አፍስሼበት ዓይኑን እስኪገልጥ ድረስ የእድሩ ጥሩንባ ከየካ እስከ ማዶው ባሕር ዛፍ ድረስ ተሰምቶ፣ ድንኳኑ ግቢዬ ውስጥ ቆሟል።

"አልሞተም! ንቀሉልኝ!" ብዬ ወጣሁ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወርቁ ሐዘን ያሳበደኝ መስሏቸው፣ "አይዞሽ ልጄ፣ የፈጣሪን ፈቃድ መቀበል ነው" እያሉ ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ነከስኳቸው! የሽማግሌ እጅ ነክሼ አደማሁ፣ እሱ ይቅር ይበለኝ። ካስማ ነቅዬ ምሰሶውን ስቀጠቅጠው ሸራው በሰዎቹ ላይ ተደረመሰ።

ያኔ ተሾመ በመስኮት ብቅ አለ። "ማን ሞተ?"

"አንተ!"

"ታዲያ ለምን ታፈርሺዋለሽ? ሰሞኑን መመለሳቸው አይቀር፣ ይተዉት እንጂ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። የኔ ግን ደሜ ፈላ። ሦስት ቀን ሙሉ "በቃኝ፣ ተዪኝ" እያለ ምግብ የመለሰብኝ ሰው ነው። ካስማዬን እንደያዝኩ ገብቼ ያፈላሁለትን አጥሚት አፉ ላይ ደቀንኩበት። "ትጠጣለህ ወይስ እኔው ልግደልህ?"

ካስማውን አየ፣ እኔን አየ። ፈርቶኝ ይሁን አዝኖልኝ እንጃ፣ ጭልጥ አደረገው።

ማምሻውን ጋሽ ወርቁ አንድ ካስማ ጎድሎብናል ብለው ላኩብኝ። አልሰጥም አልኩ። አልጋችን ሥር ነው።