ሃያ አራት ቮልት

ሃዋኒ፣

የሸክላ ማጫወቻሽን ሞተር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

የማጫወቻሽን አዳፕተር ስገዛ ባለሱቁ ቡርሃን "እህቴ፣ ማጫወቻው ስር የተጻፈውን ቮልት አይተሽዋል?" ብሎኝ ነበር። ሳላይ "አዎ፣ ሃያ አራት" አልኩት። ቤት ተመልሼ ማየት ታከተኝ፤ ጠንከር ያለው ይሻላል ብዬም ነው። ለካ አስራ ሁለት ነው የሚለው።

ትላንት "አጭበርባሪ፣ የተበላሸ ዕቃ ሸጥክላት" ብለሽ ሰው ፊት ስታዋርጂው አጠገብሽ ቆሜ ነበር። እሱ ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

አዳፕተሩን ነቅያለሁ፣ መልሰሽ እንዳትሰኪው።
የአባትሽ ሸክላዎች ምንም አልሆኑም።
ሽሮው ድስት ውስጥ ነው፣ አሙቂው።

ፊትሽን ማየት ስላቃተኝ ነው የጻፍኩት።

ዛሬ ጠዋት ቡርሃን ሱቅ ሄድኩ። ደንበኞች እስኪገቡ ጠበቅኩና፣ እነሱ እየሰሙ "የዋሸሁህ እኔ ነኝ" አልኩት።