አባባ፣ ካሜራውና ንቦቹ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ለወንድም ጋሼ፦

እንደምን ከረምክልኝ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ወገብህስ ለቀቅ አደረገህ ወይ? ባለቤትህ ደህና ናት? መንታዎቹስ አሁንም በአንድ ጫማ ይጣላሉ? ሁላችሁንም ሰላም ያሰንብትልኝ። እኛም ደህና ነን ማለቱ ወግ ነበር፤ እንዲያ ብዬ ብጽፍልህ ግን አንተን መሸንገል ይሆንብኛል።

በስልክ ጀምሬልህ መስመሩ የተቋረጠውን ነገር ከሥሩ ልንገርህ። አባባ ፎቶ ቤቱን ከዘጋ ወዲህ በክረምት እንቡጥ፣ ዝናቡ ሲያባራ አበባና ነፍሳት፣ በበጋ ደግሞ የደረቀ ፍሬ ፎቶ ሲያነሳ ነው የሚውለው። እማማ ካረፈች በኋላ ከአልጋው የሚያስነሳው ይኸው ብቻ ነው። "ንብ እንደ ሙሽራ አታስቸግርም፤ አገጬን ቀጭን አድርግልኝ አትልም" እያለ ብቻውን ይስቃል።

ዝናቡ ባቆመ ሰሞን ጓሮ፣ ቦዩ ዳር ካለው ቢጫ አበባ ሥር ተንበርክኮ ሳለ ንብ አንገቱን ነደፈችው። እኔ ልብስ ሳሰጣ "ኧረ ምንም አይደል" ሲል ሰማሁ። ዞር ብል ፊቱ አብጦ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ትንፋሽ አጥሮት ያቃስታል። ጮህኩ። ጎረቤታችን ነርሷ በነጠላ ጫማ ሮጣ መጥታ፣ ታክሲ አስቁማ ሆስፒታል ባታደርሰን ኖሮ ይህ ደብዳቤ የመርዶ ይሆን ነበር። ሐኪሙ "ሰውነታቸው የንብ መርዝ አይችልም፤ ዳግም ከተነደፉ መትረፋቸውን እንጃ" አለኝና ከተነደፈ ወዲያው የሚወጋ፣ ከእጅ የማይለይ መርፌ አዘዘልን።

ቤት እንደገባን ካሜራውን ከዱቄቱ ጆንያ ኋላ ደበቅኩት። ሲጠይቀኝ "ለጥገና ሰጥቼዋለሁ" አልኩት። አባባ ሞኝ አይደለም፤ ገብቶታል። ጢሙን መላጨት ተወ፤ ምግብ ሳቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ገፋ ያደርገዋል፤ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ይውላል። አንድ ቀን ሻይ ስሰጠው "እንዳልሞትብሽ ፈርተሻል፤ እውነትሽን ነው" አለኝ። "ግን ጠዋት ስነሳ ምን ልሥራ? እሱን ንገሪኝ።" አንተ መስመሩ ሳይቋረጥ "ካሜራውን ስበሪው!" ብለኸኝ ነበር፤ እኔ ግን አልጨከንኩም። ሁለት ወዶ አይሆንምና ካሜራውን አውጥቼ ሰጠሁት።

ሰጠሁት ስልህ እንዲሁ አይደለም። ጓንት፣ እጀ ረጅም ሸሚዝና የፊት መረብ ገዛሁለት፤ ካለ እኔ ጓሮ ላይወጣ ቃል አስገባሁት። ነርሷም መርፌ አወጋግ አስተማረችኝ፤ ብርቱካን ስወጋ ሰነበትኩ። ባለቤቴ "ፍሬውን ጨርሰሽ ወደ እኔ እንዳትዞሪ" እያለ ያሾፍብኛል።

ታዲያ ትናንት ስልክ ላነሳ ገባ ብዬ ስመለስ አባባ መረቡንም ጓንቱንም አውልቆ አበባው መሃል ቁጭ ብሏል። ንቧ አውራ ጣቱ ላይ ትራመዳለች። እንዳልጮህ ይደነግጣል፤ እንዳልሮጥ ንቧ ትቆጣለች። መርፌውን ጨብጬ እንደ ግንድ ቆምኩ። እሱ ግን በሌላኛው እጁ ካሜራውን ይዞ ፎቶ አነሳት። በራሷ ጊዜ ተነስታ በረረች። ያን ጊዜ ዞሮ አየኝና "መረቡ እኮ ያደበዝዝብኛል፤ አገኘኋት!" ብሎ ሳቀ። ወንድም ጋሼ፣ ያንን ሳቅ ከእማማ ቀብር ወዲህ አልሰማሁትም። ተቆጣሁት፣ ሰደብኩት ማለት ይቀላል፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከደስታ ይሁን ከፍርሃት እስካሁን አልለየሁትም።

አሁን የጭንቄን ልንገርህ። የወሰድኩት ፈቃድ አልቋል፤ ሰኞ ስፌት ፋብሪካው እገባለሁ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው የሚውለው፣ ነርሷ ተረኛ ናት። ምከሩት ብትለኝ ምክር ለአባባ ውሃ ወቀጣ ነው፤ ካሜራውን መልሼ መደበቅ ደግሞ አልችልም። አበባው ረግፎ ንቡ እስኪቀንስ ድረስ፣ አንድ ወር ቢሆን እንኳ፣ አጠገቡ የሚቆም ሰው ያስፈልገኛል። አባባ ናልኝ አላለም፤ አይልም። እኔ ነኝ ና የምልህ። ቀርተህ የሆነው ከሆነ ግን ካሜራውን ለምን መለስሽለት ብለህ እንዳትጠይቀኝ።

ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ፣ መንታዎቹን አንድ በአንድ እቀፍልኝ። ባለቤቴ እጅ ነስቷል። ልጄም አጎቴን ሰላም በይልኝ ብላለች። አባባ ይህን መጻፌን አያውቅም፤ ሰላምታውን ግን ቢያውቅ ኖሮ ከሁላችን ያስቀድም ነበር።

እህትህ፣
ከአባባ ቤት፣ ጥቅምት 17 ቀን