ባትሪያችንን እስኪያብጥ ላስጠገቡልን ሥራ አስኪያጅ

ለቤት ለቤት ሕክምና አገልግሎት መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ ወገብዎ፣ እንዲሁም ወገብዎን እንዲደግፍ በቅርቡ የተገዛልዎ ያ ባለ ጎማ ወንበር ሁሉም በደህና ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ ተስፋዬ ነው። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። የሚያቅለሸልሸኝ ነገር ቢኖር ከጨጓራዬ የመጣ ሳይሆን ከእርስዎ ሰርኩላር የመጣ ስለሆነ፣ ሐኪም ዘንድ መሄዱ ስለማያዋጣኝ ይህን ደብዳቤ መጻፍ መረጥኩ።

ማን ናት ይህቺ ደፋር ካሉኝ፣ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸውን ሕሙማን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የማክም፣ ፀጉሬ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ጥላ ሥር የሸበተ አንዲት ነርስ ነኝ። ደብዳቤውን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩትም ክብርዎን ለመንካት አስቤ አይደለም፤ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው የቀደሙት ደብዳቤዎቼ ቢሮዎ ከገቡ በኋላ ድምፃቸው ስለጠፋ፣ ይህኛው ቢያንስ ሰው በተሰበሰበበት ይጥፋ ብዬ ነው።

ጉዳዬ አንድ ነው። ሰኞ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴው በባልደረባችን ላይ ይቀመጣል። ሰው ሲያናግራት እንኳ ዓይኗን መሬት ላይ ስለምትተክል ሁላችንም ጭምቷ እንላታለን፤ እርስዎ በስም ባያውቋት አልፈርድብዎትም። የተከሰሰችው የመሥሪያ ቤቱን ታብሌት በቸልተኝነት አሳብጣ አበላሽታለች ተብላ ነው። ከተባረረች ልጆቿንና ዓይኗ የጠፋ እናቷን የምታበላው የላትም። ታብሌቱ እንዴት እንዳበጠ ኮሚቴው ስላልጠየቀና ስለማይጠይቅ፣ እኔ ሳልጠየቅ እመሰክራለሁ፤ ምስክርነቴንም ለእርስዎ በሚገባው ምስጋና መልክ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሃያውን ፐርሰንት ስለፈለጉልን አመሰግናለሁ።

እንደሚያስታውሱት ታብሌቶቹ ሲሰጡን ከፋብሪካቸው ይዘውት የመጡት አንድ መልካም ጠባይ ነበራቸው። ማታ ራስጌያችን ሰክተናቸው ስንተኛ ሰማንያ በመቶ ሲደርሱ በቃኝ ብለው ይቆማሉ፤ ባለቤታቸው ስንት ሰዓት ላይ ከሶኬት እንደምትነቅላቸው ከልምድ ስለሚያውቁ የቀረውን ልንወጣ ስንል ቀስ ብለው ይሞላሉ፤ ሲሞቃቸውም እስኪበርዱ ድረስ መቀበል ያቆማሉ። ባትሪ የሚባለው ነገር እስከ አፉ ሞልቶ፣ በዚያ ላይ ሞቆት፣ ሌሊቱን ሙሉ መቆየት አይወድም፤ ውስጡ ቶሎ ያረጃል፣ ሲብስም ጋዝ ይዞ ያብጣል። ይህን ለማወቅ መማር አላስፈለገኝም፤ ታብሌቱ ራሱ ሴቲንጉ ውስጥ በሚገባን ቋንቋ ጽፎታል። እኔ የምወጣው ዘግየት ብዬ ስለሆነ ሞልቶ ይጠብቀኝ ነበር፤ ጭምቷ ግን ሩቅ ያሉ ሕሙማን ስላሏት የምትነቅልበት ሰዓት በየቀኑ ይለያያል፤ ታብሌቱም ሰዓቷን መልመድ ስላቃተው ሰማንያ ላይ ይዛው ትመጣለች። በሰማንያውም እስከ ማታ ሠርታ፣ ተርፏት ወደ ቤቷ ትገባ ነበር።

እርስዎ ግን በሩ ላይ ቆመው የእሷን ታብሌት አዩና ሃያውን ማን በላው ብለው ጠየቁ። እኔ በቀልድ የተናገሩት መስሎኝ ስቄ ነበር፤ ስለ ሳቄ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ለካ የምርዎን ኖሯል! በሳምንቱ ጭምቷ ሃያ በመቶ ጉድለት ስለተገኘብሽ በጽሑፍ አብራሪ የሚል ደብዳቤ ደረሳት፤ የሲሚንቶ መጋዘን ይመስል። እሷም ምስኪን ምን ብላ ታብራራ፣ ጠፍቶ ሳይሆን ሳይሞላ ቀርቶ ነው ብላ ጻፈች። መልሱ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ከዚያም ሰማንያ ላይ የሚያቆመውን ባትሪ መጠበቂያ ሁሉም ሠራተኛ እንዲያጠፋ፣ ከመቶ በታች ይዞ የመጣም ስሙ በቀይ ቀለም እንዲለጠፍ አዘዙ። ሰማንያ ላይ የሚቆም የሰነፍ ዕቃ ነው ብለው በስብሰባ ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ልጅዎ በፈተና ሰማንያ ያመጣ ጊዜ ግን ኬክ ቆርሰው ለሁላችንም አብልተውን እንደነበር ሆዴ ያስታውሳል።

ሁለተኛ፣ ስለ ብረት ቁም ሣጥኑ።

ቤታችን ብንወስደው መጠበቂያውን ደብቀን እንደምንከፍተው ስለጠረጠሩ፣ ታብሌቶቹ ከሥራ መልስ እርስዎ ኮሪደር ላይ ባስቆሙት የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድረው፣ በማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ ተቀጥሎላቸው፣ ሁሉም እንደተሰኩ በቁልፍ ተዘግቶባቸው እንዲያድሩ አደረጉ። አንድም ቀዳዳ የሌለው ቁም ሣጥን ከየት እንዳገኙት ፈጣሪ ይወቀው። ዓርብ ማታ የገባ ታብሌት ቅዳሜንም እሑድንም መቶ ላይ ሆኖ እየተቀቀለ ይቆያል። ሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት የሚወጣው ወበቅ ፊት ይገርፋል፤ የጋለ ፕላስቲክ ሽታው ደግሞ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ እስከ ምሳ ድረስ አይለቅም። እኔ የቆሰለ እግር ስጠርግ የምውል፣ ብዙ መጥፎ ሽታ የማውቅ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ቁም ሣጥን ያንገሸገሸኝ ነገር ግን ትዝ አይለኝም። ቢያንስ በሩ ገርበብ ብሎ ይደር ብዬ ለንብረት ክፍሉ ባመለክት፣ ሌባ ቢገባስ የሚል መልስ አገኘሁ። ሌባውስ ምን በወጣው፣ እጁን ሊቃጠል!

ሦስተኛ፣ ስለ ሽልማቱ እንኳን ደስ ያለን። ያን ያህል ሰው በተሰበሰበበት፣ የዓመቱ ባለ ሙሉ ባትሪ ሠራተኛ ተብላ የምስክር ወረቀት የተሰጣት ባልደረባችን በወሊድ ፈቃድ ላይ የነበረች ናት። ታብሌቷ አንድም ቀን ከቁም ሣጥኑ ወጥቶ አያውቅምና አንድም ቀን ከመቶ አልወረደም። ሕፃኗን አቅፋ መጥታ ከእጅዎ ስትቀበል ፎቶ ተነሡ። እኛም አጨበጨብን። በሽተኛ ያላየ ታብሌት ጎበዝ ሲባል፣ ሲሠራ ውሎ ሠላሳ ላይ የገባው ደግሞ በቀይ ሲጻፍ እጃችንን እያጨበጨብን ማየታችን ያስጠላኛል፤ ያስጠላኝም በዋናነት የእኛው ጭብጨባ ነው።

አራተኛውን ከዚህ በላይ በምስጋና መጠቅለል ስላቃተኝ በቀጥታ እናገራለሁ።

ወራት ሲያልፉ ታብሌቶቹ መድከም ጀመሩ። ጠዋት መቶ ብሎ የወጣው ከሁለት ሕሙማን በኋላ ኀምሳ ይላል፤ ከኀምሳ ደግሞ ሳይሰናበት ድርግም ይላል። የጭምቷ ታብሌት ጀርባው ተነፋ። እሷ ይህን አልደበቀችም። ለአስተባባሪያችን ወስዳ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም መቶ የሚያሳይ ዕቃ ተበላሽቷል ብዬ እንዴት ለአለቃ አቀርባለሁ፣ ለጊዜው ፕላስተር ለጥፊበት አሏት። ነርሶች አይደለን? የቁስል ፕላስተር አምጥተን ዙሪያውን አሸግንላት። የመሥሪያ ቤትዎ ታብሌት በፋሻ ተጠቅልሎ ከሕሙማኑ ጋር ተመሳስሎ ሲሄድ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ጡረታ የወጡ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት የገባው። ሰውየው ሳንባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ያን ዕለት ትንፋሻቸው እያጠረ፣ ከንፈራቸው እየጠቆረ ስለሄደ ጭምቷ በታብሌቱ ሐኪሙን በቪዲዮ ጠርታ ታሳየው ጀመር። ሐኪሙ የሚሰጠውን መድኃኒት መጠን ሊነግራት ሲል የታብሌቱ መስተዋት ከታች በኩል ተፈንቅሎ ተነሣና ሁሉም ነገር ጠፋ። ከመጥፋቱ በፊት አርባ በመቶ ይል ነበር። ጭምቷ እንደምትነግረኝ ከሆነ ያን ጊዜ የሰማችው የሰውየውን ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ቁልፉን ብትጫን፣ ብትጫን ወይ ፍንክች። አባባ አይዞዎት እያለች የምትዋሸው ለእሳቸው ይሁን ለራሷ እንደማታውቅ ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ያዳነቻቸው ልጃቸው ናት። መስተዋቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኳን አውጥታ ሰጠቻት፣ ጭምቷ የሐኪሙን ቁጥር በቃሏ ታውቀው ነበርና ደወለች፣ መድኃኒቱም በጊዜው ተሰጠ። ከቀናት በኋላ እኔ ራሴ ሰውየውን ላክማቸው ሄጄ ያን ስልክ አየሁት። ልጅቷን ይህ አሮጌ ነገር እንዴት እስከ ዛሬ ባትሪው ቆየልሽ ብላት፣ ሌላ መግዣ ስለሌለኝ ከገዛሁት ጀምሮ ሰማንያ ላይ እንዲቆም አድርጌዋለሁ አለችኝ። እርስዎ ቢያዩት ኖሮ ለስልኩም ማስጠንቀቂያ ይጽፉለት ነበር።

ልብስ ሰፊው ዛሬም በሕይወት አሉ። ስለዚህ የሞተው ታብሌቱ ብቻ ነውና የሚጠየቀውም ስለ ታብሌቱ ብቻ ሆነ። ጭምቷ ባትሪውን ስትጠብቅ በማስጠንቀቂያ ተቀጣች፤ ታዝዛ መጠበቅ ስትተው ደግሞ ልትባረር ነው። እውነቱን ልንገርዎት ክቡርነትዎ፣ ስለ ባትሪ አለማወቅዎ አላስቆጣኝም፤ ማንም ሰው ላያውቅ ይችላል። የሚያንገሸግሸኝ የራስዎ ትእዛዝ ያመጣውን ጥፋት በሷ ስም አስመዝግበው ሊቀጧት መነሣትዎ ነው።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ክሱ ይነሣላት። ቁም ሣጥኑ ይከፈት፣ ታብሌቶቹም ወደየቤታችን ይመለሱ። ባትሪ መጠበቂያውን እርስዎ ይክፈቱልን አልልም፤ እኛ ነርሶቹ ተመካክረን በቀሩት ታብሌቶች ሁሉ ላይ ትናንት ከፍተነዋል። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ሰማንያ ይዘን በሩ ላይ እንገኛለን፤ ቀዩ ቀለም እንዳያልቅብዎ አስቀድሞ ማሳሰብ ግዴታዬ መስሎኛል። ኮሚቴው ጭምቷን ከጠራ እኛንም በዚያው ይጥራን፤ ወንበር ከጎደለ ቆመን መዋል ለምደናል።

እስከዚያው ድረስ በወንበርዎ ምቾት፣ በሰርኩላርዎ ብዛት፣ በጤናዎም ጭምር አንዳች እንዳይጎድልብዎ እየተመኘሁ፣ ሲያዙኝ የታዘዝኩ፣ ሲያስጨበጭቡኝ ያጨበጨብኩ፣ ከእንግዲህ ግን ሁለቱንም ማድረግ ያቃተኝ፣

ታማኝ ነርስዎ

ማስታወሻ፦ ኮሚቴው ማስረጃው በሙሉ ዝግጁነት ይቅረብ ብሎ ስላዘዘ፣ ያ ያበጠው የጭምቷ ታብሌት ካለፈው ዓርብ ጀምሮ በእርስዎ ቢሮ ውስጥ፣ ከወንበርዎ ጀርባ ካለው መደርደሪያ ላይ፣ መጋረጃውን ተደግፎ እንደተሰካ ነው። ጸሐፊዎን እባክሽ ንቀዪው ብላት ማስረጃ አይነካም አለችኝ። ያበጠ ባትሪ ሲሞላ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል እባክዎን ይህን እንዳነበቡ ተነሥተው ሶኬቱን ይንቀሉ፣ መስኮቱን ይክፈቱ፣ ለሚያውቅ ባለሙያም ያስረክቡት። ትናንት ይህንኑ ልትነግርዎ ጭምቷ ራሷ መጥታ ነበር፤ ለክሷ ልትለምን መስሏቸው፣ እንዳትገባ በእርስዎ ስለታዘዘ፣ ጥበቃው ከበር መለሷት። ሊያመሰግኗት ከፈለጉ ይደውሉላት፤ ስልኳ አይዘጋም።