ማውስ ያጣው ካርታ

ሰኞ፣ የካቲት 10
ከሥራ ስገባ አባባ ጫማቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል። ከገሳይ መመለሳቸው ነው። እዚያ ያለ አንድ መንደር ቦኖው ከደረቀ ወር ሆኖታል። የተቀበረው የውኃ ማከፋፈያ ሳጥን ተደፍኗል፤ ቦታውን የሚያውቁት ደግሞ በ1988 ቧንቧውን የቀየሱት አባባ ብቻ። "ከጓንጉል አውድማ አርባ ሜትር ወደ ምሥራቅ" ብለው አስቆፈሩ። ድንጋይ። ደግመው አስቆፈሩ... ድንጋይ።

የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ይሻው ደወለልኝ። "ማስተዋል፣ ጋሼ ሞላ ደህና ናቸው ወይ?" "ትንሽ እየረሱ ነው" አልኩት። ምን አስባለኝ?

ሐሙስ፣ የካቲት 13
አባባ ከቤት አልወጡም። ምሳም አልበሉም። ካርታው አለ ይላሉ፣ የውኃ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የሰጣቸው ኮምፒዩተር ውስጥ። አቧራውን ጠርጌ አበራሁት... ተነሣ። ካርታው የተሣለበት ፕሮግራም ግን ያለ ማውስ ፍንክች አይልም። ማውሱ ሞቷል፣ የዛሬዎቹ ደግሞ አይሰኩበትም። አሮጌውን ዓይነት ባሕር ዳር ድረስ አስጠየቅሁ። የለም። ሌላ ማውስ የሚያገናኝልኝን ነገር ራሴ ልሥራው?

እሑድ፣ የካቲት 16
አንዲት ክብ መሰኪያ ያላት ማውስ፣ አርዱይኖ የምትባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ከተበላሸ ሪሲቨር የነቀልኳት ቺፕ። በአዲሷ ማውስና በአሮጌው ኮምፒዩተር መሀል አስተርጓሚ ይሆኑኛል ብዬ በየድኳቸው። አባባ "በሰንበት?" አሉ። "ለውኃ እኮ ነው" አልኳቸው።
ኮምፒዩተሩ ማውስ የለም አለ። ጣቴም ተቃጠለ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18
መብራት የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 20
ገባኝ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ማውሱን አንዴ ይጠራል። ወዲያው ኤም የምትለዋን ፊደል ካልላከለት የለም ብሎ ይተወዋል። የእኔዋ ስትጠራ ዝም ትል ነበር! አሁን ትመልሳለች። ቀስቷ ተንቀሳቀሰች... ግን ወደ ላይ ስገፋት ወደ ታች። አባባ ከሰሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "አንቺን ነው የመሰለችው። ያሏትን አትሰማ።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 22
አስተካከልኳት። ካርታው ተከፈተ። ከጓንጉል አውድማ አርባ ሜትር ወደ ምሥራቅ። ልክ እንዳሉት። ታዲያ ድንጋዩ ከየት መጣ?
ካርታው ላይ አውድማው ከመንደሩ ትምህርት ቤት በታች ነው። የቆፈሩት ግን ከበላዩ። አባባ "የጓንጉል አውድማ ይህ ነው ብለው አሳዩኝ። ያኔ ሜዳ የነበረው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል፣ በምን ልለየው?" አሉ።
ለይሻው ደወልኩ። ሽማግሌዎች ጠይቆ መልሶ ደወለ። በ89 የመሬት ሽግሽግ ጓንጉል ሌላ ማሳ ደርሶት ነበር፤ አውድማውንም እዚያው አዲስ አበጀ። የድሮው ዛሬ የአልጋነሽ የስንዴ ማሳ ነው። አባባ ካርታውን ሠርተው የሄዱት ከሽግሽጉ በፊት።
አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26
ፈቃድ ጠይቄ አብሬያቸው ሄድኩ። አልጋነሽ ማሳዋን አስቆፈረች። አንድ ሜትር ሳይሞላ ሳጥኑ ተገኘ፣ ደለል ሞልቶት። ጠረጉት። ከሰዓት በኋላ ቦኖው መጀመሪያ ቀይ ውኃ ተፋ፣ ቆይቶ ጠራ። ጄሪካን የያዙት ሴቶች እልል አሉ። ይሻው የአባባን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከሉት።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ አባባ መንገዱን እያዩ፦
"ለይሻው እየረሱ ነው ብለሽው ነበር አሉ።"
"ብያለሁ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።"
የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።
"እኔም የረሳሁ መስሎኝ ነበር፣ ማስተዋል። ሰሞኑን የእናንተን የልጆቼን ስም እየቆጠርሁ ነው የምተኛው።"