አልፈቅድም ያልኩበት ወረቀት

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 26

ዛሬ ኤርፖርት ዘጠኝ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ገፋሁ። ዊልቸር ላይ የሚቀመጥልኝን ሰው ሁሉ እጁንና ጫማውን አይቼ ሥራው ምን እንደነበር እገምታለሁ… ጊዜው ቶሎ ይሄድልኛል። አንዱን ሽማግሌ ገበሬ ናቸው ብዬ ነበር። ለካ አርባ ዓመት ፒያኖ ሲጠግኑ ነው የኖሩት! ፒያኖ እንደሚጠገንም ያወቅኩት ዛሬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እሳሳታለሁ፤ ግን አልተውም።

ቤት ስገባ ሩሚሳ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ትታልኛለች። «ማሚ፣ እስከ ዓርብ ሳይን አድርጊልኝ።» ነገ አየዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 27

አየሁት። «ካሪየር» የሚለውን ቃል ስድስት ቦታ አገኘሁት፤ ሙያ ማለት ነው። ከኦገስት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ከሃይስኩሏ እየወጣች ቴክኒካል ኮሌጅ ሄዳ የሕመምተኛ እንክብካቤ ትማራለች ይላል። ሁለት ዓመት።

ቴክኒካል… እሷም አስረኛ ክፍል ናት…

ደሴ ያለችው የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት የአስረኛ ውጤቷ አልመጣላትም። ፕሪፓራቶሪ ቀረና ቴክኒክና ሙያ ተመደበች። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። እህቴ ስልክ ላይ «በቃ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር አበቃላት» ነው ያለችኝ።

የእኔዋም ተመደበች ማለት ነው? ሒሳብ ኤ አምጥታ የለ እንዴ? ወይስ ስማችንን አይተው ነው?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 29

ትናንት ማታ ባሌ ጀዕፈር ጋ ደወልኩ። ከጭነቱ ጋር ቴክሳስ ደርሷል። እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ አንቺ እይው አለኝ። ባል ተብዬው ሁሌም መንገድ ላይ ነው።

አየሁት እንግዲህ። «አልፈቅድም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።

ሩሚሳ ጠዋት አነበበችው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ኦኬ» ብቻ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከጉድ አወጣኋት… ታዲያ ለምን ደስ አላላትም?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 4

ልጄ ካኮረፈች ስድስት ቀኗ። ምን ሆነሻል ስላት «ፋይን» ትላለች።

በምሳ ሰዓት ለእትዬ አረጋሽ አወራኋቸው። እኛ ክፍል ከሁሉም የቆዩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ተገኝ ሮዝዌል ከተማ ኢንጂነር ነው፤ ፎቶውን ያላሳዩት ሰው የለም። ሳንድዊቻቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

«ሰፊያ፣ የእኔው ተገኝ በምን የገባ መሰለሽ? በዚሁ ነው እኮ። ሃይስኩል እያለ የአውሮፕላን ጥገና ተማረ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ይሄ ያንን አያስቀርባትም።»

«ወድቃ ተመድባ አይደለም እንዴ፣ እትዬ?»

«ተወዳድራ ነው እንጂ! አገር ቤት መሰለሽ? ሄደሽ ጠይቂያቸው።»

ከሰዓቱን ሙሉ የማንንም ሥራ አልገመትኩም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 5

አስፈቅጄ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ደሴ ወላጅ የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ነበር። እዚህም ለስብሰባ ኑ ሲሉ፣ ልጄ ምንም አላጠፋችም፣ ምን አደርጋለሁ እያልኩ ስቀር ነው የኖርኩት። በሩ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ ዞሬ ዞሬ ነው ያገኘሁት።

ካውንስለሯ፣ የተማሪዎች አማካሪዋ ሚስ ዋትስ፣ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ያመለከቱት ስልሳ ሦስት፣ የተመረጡት ሃያ። ሩሚሳ አራተኛ። ድርሰት ጽፋለች፣ ኢንተርቪው አድርጋለች። ትምህርቱ ለሃይስኩሉም ለኮሌጁም ይቆጠርላታል። ይሄን ሁሉ ስታደርግ እኔ የት ነበርኩ?

ቦታው አለ ወይ አልኩ። ማክሰኞ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማመልከት ትችላለች፤ ግን ሁለት ዓመት የነበረው አንድ ዓመት ይሆናል።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። የዚያችኛዋ ልጅ እናት ደስ ብሏት ፈርማ ይሆናል… መልሱልኝ አይባል ነገር።

ልወጣ ስል ሚስ ዋትስ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የሰፈሩ ሰዎች በየወሩ እየመጡ ለተማሪዎቹ ሥራቸውን ያሳያሉ አለችኝ… ዳቦ ጋጋሪ፣ ነርስ፣ ቧንቧ ሠራተኛ። አንቺም ነይ አለችኝ። ወንበር መግፋት ምኑ ይታያል? ግን ጥፋተኛ ነኝና እሺ አልኩ።

ማታ ሩሚሳን ይቅርታ ጠየቅኳት። ለምን እንዲህ ነው ብለሽ አልነገርሽኝም አልኳት።

«ማሚ፣ ላይክ… ኖ ብለሽ ሳይን አድርገሻል እኮ። አንዴ ብትጠይቂኝ ኖሮ…»

 

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 19

ዛሬ ነበር። ሰላሳ የሚሆኑ ልጆች። ዊልቸር አመጡልኝ። መጀመሪያ እንግሊዝኛዬ ጠፋ… ሰው እንዴት እንደሚነሳ ማሳየት ስጀምር ግን ፍርሃቴን ረሳሁት። መጀመሪያ ፍሬን መያዝ። የእግር ማሳረፊያውን ማጠፍ። ከዚያ መንገር፤ ሰው ሳይነግሩት አይነካም። እጁን ይዞ መጎተት የለም። አብሮ ሦስት መቁጠር።

ጥያቄያቸው አያልቅም! ዊልቸር ላይ ያለቀሰ ሰው አለ? አውሮፕላን ያመለጠውስ? ሥራዬ ይህን ያህል ወሬ ያለው አይመስለኝም ነበር።

ማን ይሞክር ስል ሩሚሳ ከኋላ ተነሳች። እኔ ተቀመጥኩ። ስድስት ዓመት ስገፋ አንድም ቀን ተቀምጬበት አላውቅም። ከዚያ ሆነው ሲያዩት ሰው ሁሉ ረጅም ነው። ፍሬኑን ያዘች፣ ጎንበስ አለችልኝ።

«ላነሳሽ ነው፣ ማሚ። ሬዲ?»

አብረን ቆጠርን። ቀጥ አድርጋ አቆመችኝ። እጇ ጀርባዬ ላይ ትንሽ ቆየ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 25

ዓመት ሊሞላው ነው… ያው ወረቀት ዛሬ መጣ። ዘንድሮ ሰባተኛ ወጥታለች። እስክሪብቶ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

«ይሄን ለምን ፈለግሽው?»

አየችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄያት አላውቅም ለካ። ዶክተር ትሆናለች ብዬ የወሰንኩት ገና በእግሯ ሳትሄድ ነው።

«ሰው ከወንበር ሲነሳ ፊቱ ይለወጣል። አንቺ እጅና ጫማ ነው የምታዪው። እኔ ያን ቀን ሳነሳሽ ያንቺን ፊት አየሁት።»

ነርስ? ሐኪም? መገመት ጀመርኩና ተውኩት። «እፈቅዳለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ደግማ አየችውና ወረቀቱን ሳታጥፍ መጽሐፏ ውስጥ አስቀመጠችው።

ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር ግን ሳልጠይቃት ቀረሁ። ጠዋት ሳትወጣ እጠይቃታለሁ።