ጥንዶቹ ጋሼ ዘይኑዲን ቤት ናቸው

ጠሀ፣

የደሴው አውቶቡስ ሳያመልጠኝ ነው የምጽፍልህ። የጥንቸሉን ሳጥን ባዶ ስታየው አትደንግጥ።

ጎረቤታችን የነበረው ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ከተዋቸው ሁለት ጥንቸሎች ሴቷን ነጥለህ ለዙህራ በስጦታ ስትወስድ፣ «ጥንዶች ናቸው፣ አይለያዩም» አላልኩህም? ወንዱ ሦስት ቀን ሙሉ ጎመን አልቀመሰም። ጆሮውን ጥሎ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

ዛሬ ጠዋት ወንዱን እኔው ወደ ሴቷ ወሰድኩት። እንደተያዩ ተላላሱ፤ ቅጠሉንም አብረው ጨረሱት።

የዙህራ አባት ጋሼ ዘይኑዲን «ማን ሊንከባከብልን ነው?» አሉኝ።
«ጠሀ በየማለዳው ጎመን ያመጣል፣ ኩሳቸውንም ይጠርጋል» አልኳቸው።
ቆመው መረቁህ! ከምርቃት በኋላ እንግዲህ «የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ» ማለት የለም።

ኮትህን የበላው ወንዱ ነው። የሳጥኑን በር ያልዘጋሁት ግን እኔ ነኝ።
ሌላው ይቆየን።

ጎመኑን ከአትክልት ተራ ግዛ፤ የጠወለገ አይወዱም።

ባለፈው ኢድ እኒሁ ጋሼ ዘይኑዲን ፊት «ይሄ ዘበኛዬ ነው» ብለህ ያሳቅህብኝን አልረሳሁም። ነገ በራቸውን ስታንኳኳ «ማነው?» ካሉህ፣ «የጥንቸሎቹ ዘበኛ ነኝ» በላቸው።

ባህረዲን