ከሲቪዬ ላይ የተሰረዙት እትዬ ካውያ

ለተከበሩ የሆቴሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ሆቴልዎ መግቢያ እብነ በረድ ያለ እንከን እንዲሰነብት እየተመኘሁ፣ ነገሩ ከተበላሸባት ደቂቃ ልጀምር። ባለፈው ማክሰኞ ለምክትል ሥራ አስኪያጅነት ቃለ መጠይቅ ስቀርብ፣ «በልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ቃጠሎ ወቅት ሠራተኞችን ያለ አንዳች ጉዳት ያስወጣች» የሚለውን ከሲቪዬ ላይ ለኮሚቴው ጮክ ብለው አነበቡና በፈገግታ ራስዎን ነቀነቁ። እኔና እርስዎ ግን የእትዬ ካውያን አስከሬን ጎን ለጎን ቆመን ያየን ሰዎች ነን።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለቴም ስወድቅ ቢሮዎ አስጠርተው በአባትነት ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ዲግሪዬም ሆነ የሰባት ዓመት አገልግሎቴ ምንም እንደማይጎድለው፣ ነገር ግን «አሥራ አንድ ሰው አስወጣሁ፤ የአንዲት ባልደረባችን ሕይወት አለፈ» የሚለው አረፍተ ነገር ሲቪዬን እንደሚያደክመው አስረዱኝ። «ልጄ፣ ሲቪ መርዶ አይደለም» ነበር ያሉኝ። እውነትም አንዲት ሴት ስትቀነስለት ጠነከረ፤ በሳምንቱ ተጠራሁ።

፪. ለማያውቋቸው የኮሚቴው አባላት፣ እትዬ ካውያ አንሶላ የሚተኩሱ ሴት ነበሩ፤ ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን። የትራስ ልብሱን ጠርዝ የእንግዳውን ጉንጭ እንዳይቆረቁር ብለው ወደ ውስጥ ያጥፉት ነበር። የተቆለፈውን የኋላ በር እያሳዩ «አንቺ ልጅ፣ ሹም ስትሆኚ መጀመሪያ ይቺን አስከፍቺልኝ፤ እንፋሎቱ ሊያበስለኝ ነው» ይሉኝ ነበር። እሳቱ ሲነሳ እኛ በፊት ለፊት ወጣን፤ እርሳቸው የሚቀርባቸው ያ በር ነበር።

መስመሩን ከሰረዝኩ ወዲህ ቤቴ የማጥፋቸው የትራስ ልብሶች ጠርዛቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ይጠብቁኛል። እኔ እንደዚያ አጥፌ አላውቅም።

፫. ሹመቱ ስለጸደቀልኝም አመሰግናለሁ። የቀረኝ «ከላይ የሰፈረው ሁሉ እውነት ነው» ከሚለው ስር መፈረም ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ እስክሪብቶ አነሳሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። አራተኛ አልሞክርም።

ደካማውን ሲቪዬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። በእርሱ ከሾሙኝ እገባለሁ፣ የመጀመሪያ ሥራዬም ያ በር ይሆናል። በእርሱ ካልሆነ ወንበሩ ይቅርብኝ። እትዬ ካውያን ያልቆጠረ «ያለ አንዳች ጉዳት» ግን ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም፤ ከራሴም ጭምር።

እንከን የለሽነትዎን ጎንበስ ብላ የምታደንቅ፣
በገዛ እጇ ሲቪዋን መልሳ ያደከመች አመልካች

ማስታወሻ፦ በሆቴሉ ድረ ገጽ ላይ፣ ከፎቶግራፍዎ ስር በሰፈረው የሥራ ልምድዎ «የአንሶላ ስርቆትን ሙሉ በሙሉ ያስቀሩ» የሚል አንብቤአለሁ። ያስቀሩት የኋላውን በር ከውጭ በማስቆለፍ መሆኑን መጻፍ ዘንግተዋል። ካላስቸገርኩዎት እኔ ልጨምርልዎ፤ ትንሽ ያደክመዋል እንጂ።